የተፋቀችው ቁጥር

ሰኞ፣ በ3

አሥራ አራት ዓመት ሆድ ሆዴን ሲበላኝ የኖረውን ነገር ዛሬ ልጽፈው ነው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለፈጣሪ ነግሬዋለሁ፤ ለእሱ መንገር ግን ቀላል ነው፣ አስቀድሞ ያውቀዋላ።

የኦርኬስትራው ኖታ ገልባጭ ነኝ። የእያንዳንዱን ተጫዋች ድርሻ ከትልቁ ደብተር እያወጣሁ በእጄ እጽፋለሁ። ከልምምድ በፊት አድላለሁ፣ ከኮንሰርት በኋላ እሰበስባለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ ጽሕፈቴ ግን ያምራል። ተጫዋቾቹ “ወረቀት” ይሉኛል። ለምጄዋለሁ።

ያን ጊዜ አንዲት የሃያ ዓመት ቫዮሊን ተጫዋች በእንግድነት መጥታ ነበር። በኮንሰርቱ ዕለት፣ ከመጨረሻው ልምምድ በኋላ፣ የመጀመሪያው ክላርኔት ኖታ ላይ ሻይ ደፋሁ። እኔው ነኝ የደፋሁት። ለማንም ሳልናገር ተጣድፌ ሌላ ገለበጥኩ። መካከለኛው ክፍል ላይ ቫዮሊኗ ብቻዋን፣ እጅግ ቀስ ብላ የምትሄድበት ቦታ አለ። ክላርኔቱ ስምንት ባር ዝም ብሎ ይቆጥርና ይመልስላታል። ባር የምንለው ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፈልበትን እያንዳንዱን ክፍል ነው። እኔ ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

ክላርኔቱን የሚነፋው ጓደኛዬ ነበር። ደረጃ ላይም፣ ሰልፍ ላይም፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍም ስለሚያፏጭ ስሙ ፉጨት ነው። ከገዛ ጆሮው ይልቅ የእኔን ጽሕፈት ያምን ነበር። “ወረቀት ከጻፈው አለቀ” ይላል። ሰባት ቆጥሮ ገባ። ልጅቷ ላይ ወጣባት። ቀስቷ ቀጥ አለ። ሙሉ አዳራሽ ሰው ሰማ።

በማግስቱ ጠዋት መሪው ኖታውን አምጣ አለኝ። ከመውሰዴ በፊት ገልጬ አየሁት። ምላጭ ነበረኝ። ሰባቷን ፋቅኳት፣ ስምንት ጻፍኩባት፣ ወስጄ ሰጠሁት።

ፉጨት “ሰባት ነው የሚለው” ብሎ ተከራከረ። መሪው አሳየው። ፉጨት ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ “እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው” አለ። በዚያው ዕለት ተሰናበተ።

ይኸው ጻፍኩት። ይቀለኛል ብዬ ነበር።


ረቡዕ፣ በ5

ለምን አሁን? ሰኞ መሪው ሰብስቦን፣ ያቺ ቫዮሊን ተጫዋች በ29 ቅዳሜ ተመልሳ ትመጣለች ስላለ ነው። ያንኑ ሥራ ልትጫወት። የመረጠችውም እሷው ናት።

ኮሪደር ላይ ሁለት ትራምፔት ነፊዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

“ያኔ ያበላሸባት ሰውዬ የት ገባ?”

“ዱቄት ፋብሪካ። ጆንያ ቆጣሪ ነው።”

“ቆጣሪ? እሱ? በል ዱቄቱ አለቀ በለኛ!”

የምደረድረው ነገር እንዳለ ሁሉ ወረቀት ደረደርኩ።


ሐሙስ፣ በ6

የዚያን ዓመት ማኅደር አወጣሁ። ኖታው አለ። መስኮት ላይ ብይዘው የተፋቀችው ቦታ ሳስታ ብርሃን ታስገባለች። ጥፍር የምታህል። አሥራ አራት ዓመት ያላየኋት ላያት ስለማልፈልግ ነው። ልቀደው እችል ነበር። ለምን እንዳልቀደድኩት አላውቅም።

ልጄ ገባች። ሁለተኛ ቫዮሊን ናት፣ ከኋላው ወንበር። “አባዬ፣ ምን እያየህ ነው?” አለችኝ።

“ብል እንዳይበላው ነው” አልኳት።

ኖታ ማንበብ ያስተማራት ፉጨት ነው።


እሁድ፣ በ9

ከጸሎት መልስ ፉጨት ጋ። እሁድ እሁድ ዳማ እንጫወታለን፤ በአሥራ አራት ዓመት አንድም እሁድ አላስቀረሁም። ለክላርኔቱ አፍ የምትሆነውን ስስ ሸምበቆ ይዤለት እሄዳለሁ። ሚስቱ “እንዳንተ ያለ ወዳጅ ለጠላቴም አይጉደልበት” ትላለች። ይህን ስትል ቀና ብዬ አላያትም።

“ልጅቷ ልትመጣ ነው አሉ” አለኝ ጠጠሩን እየገፋ።

“ሰምቻለሁ።”

“አንድ ወንበር ፈልግልኝ። ከኋላ፣ ምሰሶ ሥር። እሷ እንዳታየኝ።”

“ምሰሶ ሥር ተቀምጠህ ምን ልታደርግ?”

“ልቆጥርላት!” ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። “ታውቃለህ፣ እቤት ስነፋው ስምንት ላይ ነው የምገባው። አንድም ቀን ዝንፍ ብዬ አላውቅም። ያን ዕለት ብቻ ዓይኔ ሰባት አየ። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፣ ነግሬሃለሁ?”

አልነገረኝም ነበር።

“ምንም የለብህም አለኝ። ያልተጻፈ ቁጥር ያየ ሰው ምንም የለብህም ይባላል? ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን እስኪያድግ ድረስ አንድ ቀን ብስክሌት ላይ ጭኜው አላውቅም። ለምን በለኝ። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ቢመስለኝስ?”

አፌ ድረስ መጣ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

“ተራህ ነው” አልኩት።


ማክሰኞ፣ በ11

ችግር። የአሁኑ የመጀመሪያ ክላርኔት ጥርሱን ተነቅሎ መንጋጋው አብጧል። ለሁለት ወር አይነፋም። ሁለተኛው ለብቻዬ መውጣት አልችልም ብሎ ለመነ።

ልጄ ከኋላ ወንበር ተነሥታ “ጋሽ ፉጨት አለ አይደል? አሁንም ይነፋል” አለች።

መሪው ቀስ ብሎ ዞረ። “እኔ መድረክ ላይ መቁጠር የማይችል ሰው አይወጣም። ጆንያ ሲጎድል ዱቄት ነው የሚጎድለው፣ እዚህ ሲጎድል እኔ ነኝ የምጎድለው።”

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ሳቅኩ።


ዓርብ፣ በ14

ከማርሽ ባንድ አንድ ክላርኔት አመጡ። ሳንባው የብረት ነው። መሪው ሁለቴ አስቁሞት “ወንድሜ፣ ሰልፈኛ እየመራህ አይደለም፤ ልጅቷ እያለቀሰች ነው፣ አንተ እያባበልካት ነው” አለው። ሰውዬው “እሺ” ብሎ አሁንም እንደ ሰልፈኛ አባበላት።


እሁድ፣ በ16

ዛሬ ዳማ አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ ብዬ ላክሁ። የመጀመሪያው ያስቀረሁት እሁድ ነው። የፉጨት ሚስት ሾርባ ሠርታ ልካልኝ ቁጭ ብዬ ጠጣሁት።

ዳዊቴን ደገምኩ። ከንፈሬ እያነበበ ልቤ ሂሳብ ሲሠራ ያዝኩት። ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ቀርቶኛል። ልጄ በሚቀጥለው ወር ለፊት ወንበር ትፈተናለች። የፈተናው የበላይ ያው መሪው ነው። ብናገር የሷን ዕድል ነው የምሰብረው። ስለዚህ ዝም የምለው ለሷ ነው።

እንደገና ሳነበው ደስ አላለኝም። ያኔ ደግሞ ዝም ያልኩት ለማን ነበር? ልጄ ያኔ ትምህርት ቤት ነበረች።

እናቷ በፉጨት ቀልድ ትስቅ ነበር። ዓይኗን በነጠላ እየጠረገች። እኔ ቀልድ አልችልም፤ ብናገርም መጨረሻው ይጠፋብኛል። እሷም ታውቃለች፣ “አንተ ብቻ ዝም በል፣ ዝምታህ ይበቃኛል” ትለኝ ነበር፣ በደግነት። ፉጨት ከተባረረ በኋላ እኛ ቤት መምጣት አቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን የምጽፈው ለሌላ አይደለም፣ ቤቱ ጸጥ ማለቱን ስላስታወስኩ ነው።

ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት “ፉጨትን እንዳትተወው” አለችኝ። የሆነ ነገር ታውቅ ነበር? ዘጠኝ ዓመት ጠይቄ መልስ የለም።


ረቡዕ፣ በ19

እንግዳዋ ገባች። ማረፊያ ክፍሏን ሳታይ፣ ቫዮሊኗን እንደያዘች ቀጥታ ወደ ኖታ ክፍል መጣች። ግንባሯ ላይ ሽበት ጀምሯታል። አገጯ ሥር ቫዮሊኑ ያጠቆረው ቦታ አለ። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

“ያኔም እርስዎ ነበሩ እዚህ?” አለችኝ።

“እኔ ነበርኩ።”

“ያ ክላርኔት የሚነፋው ሰውዬ አለ?”

“የለም።”

“ሞተ?”

“ኧረ! ሥራ ቀይሮ ነው።”

“አገር ለአገር ዞሬ ይህን ሥራ ከብዙ ሰው ጋር ተጫውቼዋለሁ” አለች። “እንደሱ የመለሰልኝ የለም። በልምምድ ማለቴ ነው። ሌሎቹ ይነፋሉ፣ እሱ ይመልሳል። ለዚህ ብዬ ነው የመጣሁት፣ ምናልባት አለ ብዬ።” ከዚያ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። “ሦስት ቀን ልምምድ ስምንቱንም ልክ ቆጠረ። ሦስት ቀን የቆጠረ ሰው በአራተኛው እንዴት ሰባት ላይ ይገባል? ዕድሜዬን ሙሉ አስቤዋለሁ።”

“ሰው ነው፤ ሰው ይሳሳታል” አልኳት።

ያልኩት ይህን ነው። እውነትም ነበር። ግን ሰውዬው ማን እንደሆነ አልነገርኳት።


ሐሙስ፣ በ20

ጸሎት እምቢ አለኝ። “በደላችንን” ከምትለው ላይ ስደርስ እንደ ተጫረ የሙዚቃ ሸክላ ወደ ኋላ ይመልሰኛል።


ቅዳሜ፣ በ22

መጥፎ ልምምድ። የማርሽ ባንዱ ሰው ስምንቱን ቆጠረ፣ በልክ ገባ፣ በልክ አጠፋት። እንግዳዋ ቀስቷን አወረደች።

“ማስትሮ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት” አለች መሪውን። “የድሮውን ሰው ይጥሩልኝ።”

“እመቤት፣ ያ ሰው እርስዎን በሰው ፊት አዋርዷል።”

“እኔ አልተዋረድኩም። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ደነገጥኩ።”

“በአፌ ብቻ አይደለም የምናገረው፤ ማስረጃ አለኝ። ኖታው ስምንት ይላል። ወረቀት! ይላል አይልም?”

ሰማንያ ሰው ዞሮ አየኝ።

“ይላል” አልኩ።

አሁን ይላል። ውሸት አልተናገርኩም። ከውሸት የባሰ እውነት እንዳለ ዛሬ ተማርኩ።

መሪው እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ሥራው ይቀየራል ብሏል። እንግዳዋም ከተቀየረ ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ ብላለች።


ሰኞ፣ በ24

እንግዳዋ ልጄን አስከትላ ፉጨት ቤት ሄደች። ልጄ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተጣለች።

“እምቢ አለ።”

“ማን?”

“ማን ይሆናል አባዬ! ጋሽ ፉጨት! መሪውን እኔ አሳምነዋለሁ ብላ ለመነችው። እጇን ያዘና ‘ልጄ፣ እኔ አልታመንም፤ ጭንቅላቴ ሳይነግረኝ ይስታል፣ ሁለተኛ እንድትቆሚ አላደርግሽም’ አላት። እሷ አለቀሰች። እኔ ተናደድኩ። ምን ያለ ሰው ነው፣ አሥራ አራት ዓመት አንዲት ስህተት ተሸክሞ የሚዞር!”

ጎንበስ ብዬ ጫማዋን ማውለቅ ጀመርኩላት።

“አንተ ጓደኛው ነህ። ሂድና ንገረው።”

“ምን ብዬ?”

“እኔ እንጃ! የሚያምነው አንተን ብቻ ነው።”

ይህ የመጨረሻው እንደ ሚስማር ገባኝ። ነገ እሄዳለሁ አልኳት።


ማክሰኞ፣ በ25

ሄድኩ። አልተናገርኩም።

በምሳ ሰዓት ነው የደረስኩት። ፉጨት መጋዘኑ በር ላይ ጠመኔ ይዞ ቆሟል፣ ጆንያ ወደ መኪና ይጫናል። አንድ መኪና በሞላ ቁጥር ወጥቶ ከሥር ጀምሮ በጣቱ እየነካ እንደገና ይቆጥራል። ተሸካሚዎቹ ለምደውታል።

“ጋሼ፣ አልወለዱም እኮ!” አለው አንዱ። “ከተጫኑ ገና አምስት ደቂቃቸው ነው!”

“መንታ ያረገዘች አትጠፋም” አለ ፉጨት። ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ ጣቱ ግን መቁጠሩን አላቆመም።

አጥሩ አጠገብ ቆሜ አየሁት። አላየኝም። እጁ ዱቄት ብቻ ነው፣ የዚያ የክላርኔት እጅ። ወደ ቤት ተመለስኩ። ለልጄ “አላገኘሁትም” አልኳት። ሌላ ውሸት። አንዱ ሌላውን እየወለደ፣ መንታ ያረገዘችውስ እኔ ጋ ናት።


ረቡዕ፣ በ26

ነገ ሐሙስ ነው።

ኖታውን ከማኅደሩ አወጣሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አውጥቼ መለስኩ። ደግሜ ከተትኩ።

ልጄ “አባዬ፣ አሞሃል?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ከስንት ቀን በኋላ አንድ እውነት።

ከመተኛቴ በፊት ተንበርክኬ ድፍረት ስጠኝ አልልህም አልኩ። ድፍረት ሲሰጠኝ እጠብቃለሁ እያልኩ ነው አሥራ አራት ዓመት የበላሁት። ፈሪ እንደሆንኩ ይሁን። ፈሪም ይናገራል።


ሐሙስ፣ በ27

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሁሉም ቦታቸውን ይዘው መሪው በትሩን ሊያነሳ ሲል ወደ መድረኩ ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ መድረክ ላይ ወጥቼ የማውቀው ወረቀት ላድል ወይም ልሰበስብ ነው።

“ምን ጎደለ?” አለ መሪው።

“ምንም አልጎደለም። የምናገረው አለኝ።”

ኖታውን አውጥቼ በማርሽ ባንዱ ሰው የኖታ ማንበቢያ መብራት ፊት ያዝኩት። የተፋቀችው ቦታ አበራች። ሰውዬው ሌላውን ጫፍ ያዘልኝ። እግዜር ይስጠው።

“ሰባት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “በማግስቱ ፍቄ ስምንት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፉጨት የቆጠረው እኔ የጻፍኩትን ነው።”

መሪው ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየ። እንደገና አየ። ያረጀ መሰለኝ።

“አሥራ አራት ዓመት ሙሉ?” አለ።

“አሥራ አራት ዓመት ሙሉ።”

“ማስረጃ እያልኩ የምጠራው ይህን ነው።” ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ከዚያ “ውጣልኝ” አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ልጄን ፈለግኳት። ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብላ የቀስቷን ጭራ ታላላለች። ቀስት የሚላላው ተጫውተው ሲጨርሱ ነው፤ ገና አልተጀመረም። ቀና አላለችም።

እንግዳዋ እስከ በሩ ተከተለችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። “የሚሠራበትን ያሳዩኝ፣ እኔ ልጥራው” አለች።

“አይሆንም” አልኳት። “መጀመሪያ እኔ ልንገረው። ከእርስዎ አፍ እንዳይሰማው።”

መንገዱን ሁሉ በእግሬ ሄድኩ። ለሰማንያ ሰው መናገር ቀላሉ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ምናልባትም ለዚያ ነበር እነሱን ያስቀደምኩት።

ፉጨት እንዳየኝ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰካ። “ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ?”

“አልሞተም። ና ወደዚህ።”

አጥሩ ጥግ፣ ባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ነገርኩት። ሻዩን። ሰባቷን። ምላጩን። ባለፈው ቅዳሜ “ይላል” ማለቴን። የልጄን እናትና ሳቋን ደግሞ ነገርኩት፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩትም፣ እዚህ ደብተር ላይም በወጉ አልጻፍኩትም ነበር። እሱ ከቤቴ በቀረ ጊዜ ደስ ያለኝ ነገር እንደነበር ነገርኩት። ይቅርታ የምትለዋን መጨረሻ ላይ አልኳት፣ በጣም ትንሽ ሆና ወጣች።

አንዱ ተሸካሚ “ጋሼ፣ ስንት ሞላ?” ብሎ ጮኸ። አልመለሰለትም።

“ወረቀቱ ሰባት ነበር የሚለው?” አለኝ።

“ሰባት።”

“ዓይኔ ያየው እሱን ነው?”

“እሱን ነው።”

ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ፣ ግራና ቀኙን፣ ሰው የጠፋበትን ልጅ አግኝቶ ራሱን እንደሚዳብስ። ዱቄቱ ፀጉሩ ላይ ቀረ።

“ጤነኛ ነበርኩ” አለ። ለእኔ አልነበረም ያለው።

ተነሣ። “አንተን ዛሬ ማየት አልችልም” አለኝ። “ነገንም እንጃ። ከዚያ በኋላ ያለውንም እንጃ።”

“ልክ ነህ” አልኩት። “ልጅቷ እየጠበቀችህ ነው። መሪውም ያውቃል።”

ቧንቧው ጋ ሄዶ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ በኮቱ ገበር አደረቀው፣ ክላርኔቱን ሊያመጣ ወደ ቤቱ መንገድ ገባ። ጠመኔውን ጆንያው ላይ ትቶት ነበር። ዞሮ አላየኝም። እኔም አልተከተልኩትም።

መኪናው ግማሽ ተጭኖ ቆሟል፣ ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አለቃቸውን ፈልጌ ሰውዬው ለትልቅ ጉዳይ ተጠርቶ ነው፣ እኔ ልተካው አልኩት። ጠመኔውን አነሣሁና እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ጆንያ ቆጠርኩ።